ተራዎ ነው

ግላስጎው ውስጥ ነው፣ ዝናብ ሥራ በማይፈታበት አገር፤
ስምንት በር ያለው ቤታችን፣ ስምንት ዓይነት ነገር፣
ደረጃው ግን አንድ፤ ስልሳ ስድስት እርከን፣
ሽንኩርት ይዘን የምንወጣው፣ ቆሻሻ ይዘን የምንወርደው ሁላችን።

አንዲት ካርድ አለች፤ ጠርዟን ዕድሜ የበላው፣ በሲባጎ የምትንጠለጠል፣
«ደረጃ የማጠብ ተራዎ ነው» የምትል።
ያጠበ ሰው ቅዳሜ ማታ ጎረቤቱ በር ላይ ይሰቅላታል፤
ሳያንኳኳ ይመለሳል፣ መናገሩን ለእሷ ትቶላታል።

ማን እንደጀመራት አይታወቅም። ምድር ቤት ያለችው ኢሽቤል
«እናቴም በዚህ ባልዲ አጥባለች» ትላለች፤ እጀታው በሽቦ ታስሮ ይወዛወዛል።
ታሂራ ከሆስፒታል፣ ከሌሊት ተረኝነቷ ስትመለስ ታጥባለች፣
ጫማዋን ሳትፈታ፤ «ከአልጋ በፊት ይሄ ይለቅ» ትላለች።
ሌሼክ ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ የእርከኑን ጥግ በጥፍሩ ይፍቃል፤
ሁለቱ ተማሪዎች በሻምፑ ያጥባሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ ደረጃው እንጆሪ እንጆሪ ይላል።

ከዚያ ካርዷ ቆመች።
ላይኛው ፎቅ፣ ሚስተር ገርቪ በር ላይ። የሰቀልኳት እኔው ነበርኩ።
አንድ ቅዳሜ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ።
ጭቃው ደረቀ፤ የድንች ጥብስ መጠቅለያ ጥግ ይዞ ከረመ፣
በስልካችን ቡድን ውስጥ ማጉረምረሙ ፋመ።
«አንድ ሰው ይንገረው» አለ ሁሉም ሰው፤
አንዱን ሰው ግን አጣነው።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ቀይ እስክሪብቶ ከኪሴ አይጠፋም።
«የጋራ ነው ማለት፣ የማንም አይደለም ማለት አይደለም»
ብዬ ጻፍኩ። ሁለቴ አሰመርኩበት። ስሜን አልጻፍኩም።
ወጥቼ በሩ ላይ ለጠፍኩት፤
ስወርድ፣ ደረጃውን ያጠብኩ ያህል ቀለለኝ።

በማግስቱ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ጨርቅ ሲጨመቅ ሰማሁ፤
በካልሲዬ ወጣሁ።
ሚስተር ገርቪ እርከን ላይ ተቀምጧል፣ ምርኩዙ ብረቱን ተደግፎ፤
ባልዲ የለም፤ አንዲት የሾርባ ሳህን፣ በላይዋ ሳሙና ተንሳፎ።

«ዳሌዬን ከቀየሩኝ ወዲህ ባልዲ አላነሳም» አለኝ።
«በሌሊት አንድ እርከን። ይሄ ሃያ አንደኛው ነው፤ አርባ አምስት ይቀረኛል።»
«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»
«ተራዬ ነዋ።»
ጨርቁን አጥፎ ዘረጋው፤ ከዚያ ቀና ብሎ፣
«ጽሑፍሽ መልካም ነው» አለ፤
«ማስመሩ ግን አንዴ ይበቃው ነበር።»

ወደ ላይ አየሁ።
ከኋላው ሃያዎቹ እርከኖች፣ በዚያ ደካማ አምፖል ሥር፣
ጥግ ጥጋቸው ሳይቀር ጸድተዋል።
ወረቀቴን ልለጥፍ የወጣሁት በእነሱ ላይ ነበር።
ስወጣ ረገጥኳቸው፣ ስወርድ ረገጥኳቸው፤
ዓይኔ በሩን ብቻ ያይ ነበር።

ጨርቁን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠኝም።
እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኩትም።
ወርጄ ባልዲዬን ሞላሁ፤ ጀመርኩ ከታች፣ ከመንገዱ በር።
ኢሽቤል በሌሊት ልብሷ ብቅ አለች፤ «ሌባ መስሎኝ ነበር።»
ሌላ ቃል ሳትጨምር ገባች፤
ያን በሽቦ የታሰረ ባልዲ ይዛ ወጣች።

አሁን የእሱ ሳምንት ሲደርስ ውሃውን ተማሪዎቹ ያወጡለታል፤
እሱ ተቀምጦ ያጥባል፣ እነሱ ይጨምቃሉ፤
ሳሙናው ዛሬም እንጆሪ ነው።
ካርዷን ከእሱ በር እንዝለላት ያለ ነበር፤ እኔ እምቢ አልኩ።
ተራ የሌለው እንግዳ ነው፤ ሚስተር ገርቪ እንግዳችን አይደለም።

ካርዷ ያቺው ናት፣ ጽሑፏም ያው።
ቅዳሜ ማታ ስሰቅላት ግን
አንኳኳለሁ።
ይዘገያል።
ምርኩዙ ወለሉን ሲነካ እስክሰማ ድረስ
እቆማለሁ።